ሃርድዌር ሳይገዙ የሊኑክስ ድራይቨር መጻፍ፦ ከባዶ ሞጁል እስከ ፒሲአይ ካርድ

ይህ መመሪያ የሲ ፕሮግራም ቋንቋን ለሚያውቅና ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ውስጥ ገብቶ ለማያውቅ ሰው ነው። ሲ ያውቃል ስንል ፖይንተር፣ ስትራክትና የፈንክሽን ፖይንተር ሳያደናግረው ያነባል ማለታችን ነው። በተለይ የመጨረሻው ወሳኝ ነው፤ ድራይቨር ማለት በአብዛኛው በፈንክሽን ፖይንተር የተሞላ ሠንጠረዥ ለከርነሉ አስረክቦ እስኪጠሩት መጠበቅ ነው። ሥራው ሲያልቅ በእጃችሁ ሁለት ነገር ይኖራል፦ ከተርሚናል የሚነበብና የሚጻፍበት ትንሽ የካራክተር ድራይቨር፣ እንዲሁም ኢንተራፕት (መሣሪያው ፕሮሰሰሩን የሚጠራበት ምልክት) የሚቀበል የፒሲአይ ካርድ ድራይቨር። ካርድ መግዛት አያስፈልግም፤ ኪውኢሙ (በሶፍትዌር ሌላ ኮምፒውተር የሚያስመስል ፕሮግራም) ለማስተማሪያ ተብሎ የተሠራ «ኢዲዩ» የሚባል ካርድ አብሮት ይመጣል።

የትእዛዝና የፈንክሽን ስሞችን እንደ አነባበባቸው ጽፈናል። ስትተይቧቸው በላቲን ትንንሽ ፊደላት ነው፤ ማክሮ ያልናቸው (ከሚን በቀር)፣ በነጌቲቭ የሚመለሱት የስህተት ስሞች፣ ጂፒኤል፣ ጂኤፍፒ_አቶሚክ፣ አይአርኪው_ነንና አይአርኪው_ሀንድልድ ግን በትልልቁ። የስር ሰረዙን በቦታው ትተነዋል።

ጀማሪ ሰው ጊዜውን የሚጨርሰው መሣሪያውን በማስነሳት ላይ ነው። ማሽኑን የሚጥለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ድራይቨሩ ሲወርድ የሚሠራው ኮድ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች አንድ ነገር በያዝን ቁጥር እንዴት እንደሚለቀቅ እዚያው እንጽፋለን፤ እናንተም ኮዱን በዚህ ልማድ ጀምሩት።

ደረጃ 1፦ የመሞከሪያውን ማሽን ማዘጋጀት

በተራ ፕሮግራም ውስጥ የተሳሳተ ፖይንተር ያንኑ ፕሮግራም ይገድላል፣ በዚያው ያልቃል። ከርነል ውስጥ ግን የሌላውን ዳታ፣ የፋይል ሲስተሙን ጭምር፣ ሊያበላሽ ይችላል። የዕለት ሥራችሁ ባለበት ላፕቶፕ ላይ በቀጥታ አትሞክሩ።

በኪውኢሙ ቨርቹዋል ማሽን ፍጠሩና ዴቢያን ወይም ኡቡንቱ ሰርቨር ያለ ዴስክቶፕ ጫኑበት። 2 ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋባይት ራም፣ 25 ጊጋባይት ዲስክ ይበቃል። ፕሮሰሰሩን 1 አታድርጉት፤ ሁለት ሥራ አንድ ዳታ ላይ ሲሻሙ የሚመጣው ስህተት ባለ አንድ ፕሮሰሰር ማሽን ላይ ተደብቆ ይቆይና ሰው እጅ ሲገባ ይወጣል። ዲስኩን በኪውካው2 ፎርማት አድርጉት። ተከላው እንዳለቀ ማሽኑን አጥፉና በ«ኪውኢሙ-አይኤምጂ ስናፕሾት» ትእዛዝ ንጹሑን ሁኔታ አስቀምጡ፤ ዲስኩ ከተበላሸ በደቂቃ ወደዚያ ትመለሳላችሁ።

ኪውኢሙን ስታስነሱ ሦስት ነገር አትርሱ። ኬቪኤምን (የፕሮሰሰሩን የቨርቹዋል ማሽን ድጋፍ የሚጠቀመውን የሊኑክስ ክፍል) የሚያበራው አማራጭ ከሌለ ማሽኑ ይንቀራፈፋል። «-ዲቫይስ ኢዲዩ» ካልተጨመረ ደረጃ 5 ላይ የምንፈልገው ካርድ አይኖርም። ሦስተኛው፣ የሲሪያል ፖርቱን ወደ ፋይል አስጽፉት፤ በቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ ደግሞ የግረብ (ከርነሉን የሚያስነሳው ፕሮግራም) የከርነል መስመር ላይ «ኮንሶል=ቲቲዋይኤስ0» (ኤስዋ ትልቅ ናት) ጨምሩና አፕዴት-ግረብ አድርጉ። ከርነሉ ፓኒክ ሲያደርግ (መቀጠል አቅቶት ሲቆም) የመጨረሻዎቹ የሎግ መስመሮች ዲስክ ላይ አይደርሱም። በሲሪያል ግን ወጥተው በእናንተ ፋይል ላይ ይቀራሉ፤ እናንተ የምትፈልጉት ደግሞ እነዚያኑ ነው።

ሶርስ ኮዱን በዋናው ማሽን ላይ ጽፋችሁ በኤስሲፒ ላኩት። ቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ ብቻ የሚጽፍ ሰው ኢንስሞድ (ሞጁል የሚጭነው ትእዛዝ) ከመምታቱ በፊት «ሲንክ» ይምታ፤ አለዚያ ማሽኑ ሲወድቅ ዲስክ ላይ ያላረፈው የመጨረሻው ለውጥ አብሮ ይጠፋል።

የሚጫኑት ፓኬጆች ሁለት ናቸው፦ ቢልድ-ኢሴንሻል፣ እና «ዩኔም -አር» ከሚያወጣው ቁጥር ጋር አንድ የሆነው የሊኑክስ-ሄደርስ ፓኬጅ። ሲስተሙ አፕዴት ተደርጎ ሪስታርት ካልተደረገ የሚሠራው ከርነልና የተጫነው ሄደር ይለያያሉ፤ መጀመሪያ ሪስታርት አድርጉ።

ደረጃ 2፦ ባዶ ሞጁል

ሞጁል ማለት ከርነሉ እየሠራ ሳለ የሚጫንና የሚወርድ የኮድ ቁራጭ ነው። «ሄሎ» የሚባል የሲ ፋይል ክፈቱ። ከሊኑክስ ፎልደር የሞጁልና የኢኒት ሄደሮችን አስገቡ። ሁለት ስታቲክ ፈንክሽን ጻፉ፦ ሲጫን የሚጠራው ኢንት ይመልሳል፣ ሲወርድ የሚጠራው ምንም አይመልስም። የመጀመሪያው ከተሳካለት 0፣ ካልተሳካለት ነጌቲቭ የስህተት ቁጥር መመለስ አለበት። በየውስጣቸው በፒአር_ኢንፎ አንድ መስመር አሳትሙ፤ ከርነል ውስጥ የሲ ላይብረሪ ስለሌለ ፕሪንትኤፍ የለም። መስመሩን በአዲስ መስመር ምልክት ዝጉት፤ ያለ እሱ መልእክቱ ቀጣዩ መልእክት እስኪመጣ ሊዘገይና ኮዱ ያልሠራ ሊመስላችሁ ይችላል። ከታች በሞጁል_ኢኒትና በሞጁል_ኤግዚት ሁለቱን ፈንክሽኖች አስመዝግቡ፣ በሞጁል_ላይሰንስ ማክሮ ጂፒኤል መሆኑን ግለጹ።

ሜክፋይሉ ሁለት ነገር ብቻ ይዟል። በአንደኛው መስመር «ኦብጅ-ኤም» በሚለው ተለዋዋጭ ላይ «ሄሎ.ኦ» ይጨመራል፤ ሞጁል ሆኖ ይሠራ ማለት ነው። በሁለተኛው ሜክ በ«-ሲ» (ትልቋ ሲ) ወደ ከርነሉ የቢልድ ፎልደር ይገባል፤ እሱም በሊብ ሥር፣ ሞጁልስ ሥር፣ በከርነሉ ቁጥር ፎልደር ውስጥ «ቢልድ» የሚባለው ነው። ከዚያ በ«ኤም=» (ትልቋ ኤም) የእናንተን ፎልደር ያሳያል። ሞጁላችሁን የሚገነባው የከርነሉ የራሱ የግንባታ ሥርዓት ነው፣ የእናንተ ሜክፋይል መንገድ ጠቋሚ ብቻ ነው። የትእዛዙ መስመር በታብ መጀመር አለበት፤ በስፔስ ከጀመረ ሜክ «ሚሲንግ ሴፓሬተር» ብሎ ይቆማል።

ሜክ ስትሉ መጨረሻው «.ኬኦ» የሆነ ፋይል ይወጣል። በሱዶ ኢንስሞድ ጫኑት፣ በዲሜሴጅ መልእክቱን እዩ፣ በኤልኤስሞድ መኖሩን አረጋግጡ፣ በአርኤምሞድ አውርዱት። እዚህ ላይ ሰው የሚያጋጥሙት እነዚህ ናቸው፦

«ኢንቫሊድ ሞጁል ፎርማት» ካለ ሞጁሉ የተገነባው ለሌላ ከርነል ነው። በሞድኢንፎ «ቨርማጂክ» የሚለውን መስመር አይታችሁ ከዩኔም ጋር አስተያዩት።

«ኪይ ዋዝ ሪጀክትድ ባይ ሰርቪስ» ካለ ሴኪዩር ቡት በርቷል፣ ሞጁሉም አልተፈረመም። የኪውኢሙ ነባሪ ባዮስ ሴኪዩር ቡት ስለሌለው ይህ የሚመጣው በዩኢኤፍአይ ለሚነሣ ማሽን ነው። የመሞከሪያ ማሽን ላይ ማጥፋት ይቀላል።

«አንኖውን ሲምቦል» ካለ ሁለት ምክንያት ይኖራል፦ ሞጁላችሁ የሚጠራው ፈንክሽን ያለበት ሌላ ሞጁል አልተጫነም (ኢንስሞድ ጥገኛ ሞጁሎችን ራሱ አይጭንም፣ ሞድፕሮብ ግን ይጭናል)፣ ወይም ላይሰንሱን ጂፒኤል ሳትሉ ለጂፒኤል ብቻ የተፈቀደ ፈንክሽን ጠርታችኋል።

ሞጁሉ ከርነሉን «ቴይንት» አደረገ የሚለው መስመር ስህተት አይደለም። ማሽኑ ከተነሣ በኋላ ከከርነሉ ሶርስ ውጭ የተሠራ ሞጁል ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጫን ይወጣል።

ስለ ቆዩ መመሪያዎች አንድ ማስጠንቀቂያ። ከርነሉ ለፕሮግራሞች የገባውን ውል አያፈርስም፤ ለድራይቨሮች ግን እንዲህ ያለ ቃል አልገባም፣ የውስጥ ፈንክሽኖቹ ይቀያየራሉ። በፕሮክ ሥር ፋይል የሚፈጥር ኮድ ከ5.6 ጀምሮ ፋይል_ኦፐሬሽንስ ሳይሆን ፕሮክ_ኦፕስ ይፈልጋል። ክላስ_ክሪኤት ከ6.4 ጀምሮ የሚቀበለው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ በፊት ሁለት ነበር። ከኢንተርኔት የቀዳችሁት ምሳሌ ኮምፓይል ካልሆነ የተጻፈበትን የከርነል ቁጥር ፈልጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ስህተቱ የእናንተ አይደለም።

ደረጃ 3፦ የሚነበብና የሚጻፍበት መሣሪያ

በዴቭ ፎልደር ሥር የሚታይ ካራክተር መሣሪያ ለመፍጠር ረጅሙ መንገድ ቁጥር ማስመደብ፣ ሲዴቭ ማዘጋጀት፣ ክላስና ዲቫይስ መፍጠር ነው፤ አራቱም የየራሳቸው መልቀቂያ አላቸው። ለጀማሪ አንመክረውም። ሚስክ_ሬጅስተር ሁሉንም በአንድ ጥሪ ይጨርሳል፤ ሜጀር ቁጥሩ 10 ይሆናል፣ ማይነሩን በሚስክ_ዳይናሚክ_ማይነር ማክሮ ከርነሉ ራሱ ይመርጣል። በሚስክዲቫይስ ስትራክት ውስጥ ስሙን፣ የፈንክሽን ሠንጠረዡንና የፈቃድ ሞዱን ሙሉ። ሞዱን ካልሞላችሁ ፋይሉ የሩት ብቻ ይሆናል።

የፈንክሽን ሠንጠረዡ ፋይል_ኦፐሬሽንስ ይባላል። ለአሁን ሦስት ቦታ እንሞላለን፦ ኦውነር፣ ሪድ፣ ራይት። ኦውነር ላይ ዲስ_ሞጁል የሚለውን ማክሮ አስቀምጡ። ይህን ስትጽፉ አንድ ሰው መሣሪያውን ከፍቶ ሳለ አርኤምሞድ «ሞጁሉ ሥራ ላይ ነው» ብሎ ይከለክላል። ካልጻፋችሁ ኮዱ ከሜሞሪ ይወጣል፣ የከፈተው ፕሮግራም ቀጥሎ ሪድ ሲል ከርነሉ ወደሌለ አድራሻ ይዘላል።

በሚጫነው ፈንክሽን ውስጥ በኬዚአሎክ 4096 ባይት በፈር ያዙ። ኬማሎክ ሳይሆን ኬዚአሎክ ያልነው በዜሮ ስለሚሞላው ነው፤ ያልጸዳ ሜሞሪ ለተጠቃሚ ካሳያችሁ ቀድሞ የነበረውን የከርነል ዳታ አብራችሁ አሳያችሁ። ይህን የሚያህል በፈር በፈንክሽኑ ስታክ ላይ አታስቀምጡ፤ በ64 ቢት ኢንቴልና ኤኤምዲ ማሽን የከርነል ስታክ ጠቅላላው 16 ኪሎባይት ነው፣ ከእናንተ በላይ የተጠሩት ፈንክሽኖችም ይካፈሉታል።

አሁን ሪድን ቀስ ብለን እንየው፤ የጀማሪ ስህተት ሁሉ እዚህ ይሰበሰባል። ከርነሉ አራት ነገር ይሰጣችኋል፦ ፋይሉን፣ የተጠቃሚውን በፈር አድራሻ፣ ስንት ባይት እንደሚፈልግ፣ እና አሁን ያለበትን ቦታ የሚያሳይ ፖይንተር። ሥራው በዚህ ቅደም ተከተል ነው፦

1. ሚዩቴክሱን (በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ የሚይዘውን መቆለፊያ) በሚዩቴክስ_ሎክ_ኢንተራፕቲብል ያዙ። ዜሮ ካልመለሰ ኢሪስታርትሲስን በነጌቲቭ መልሱ።
2. ቦታው የዳታው ርዝመት ላይ ከደረሰ ወይም ካለፈ 0 መልሱ። 0 ማለት «አለቀ» ነው።
3. የተጠየቀውን መጠን ከቀረው ጋር አወዳድሩና ትንሹን ያዙ። ሚን የሚለው ማክሮ ዓይነታቸው ለተለያዩ ቁጥሮች ኮምፓይል አልሆንም ሊል ይችላል፤ ሚን_ቲ ተጠቅማችሁ ዓይነቱን ሳይዝ_ቲ በሉት።
4. በኮፒ_ቱ_ዩዘር ገልብጡ።
5. ቦታውን በተገለበጠው መጠን አሳድጉ፣ ሚዩቴክሱን ልቀቁ፣ መጠኑን መልሱ።

2ኛው ከተዘለለ ወይም 5ኛው ላይ ቦታው ካላደገ፣ ካት ያንኑ ጽሑፍ ያለማቋረጥ ያትማል። ካት የሚቆመው 0 ሲያገኝ ነውና። 4ኛው ላይ የኮፒ_ቱ_ዩዘር መልስ ብዙ ሰው ያሳስታል፦ የሚመልሰው ያልተገለበጠውን ባይት ብዛት ነው። ስለዚህ 0 ስኬት ነው፤ ሌላ ቁጥር ከመጣ ኢፎልት (14) በነጌቲቭ ይመለሳል። ያንን ከመመለሳችሁ በፊት ግን ሚዩቴክሱን ልቀቁ! በስህተት መውጫው ላይ ሳይለቀቅ የቀረ ሚዩቴክስ ቀጥሎ የሚመጣውን ፕሮግራም ሁሉ አስሮ ያስቀራል። ኢንተራፕቲብል በሌለው ሎክ የታሰረ ፕሮግራም በ«ፒኤስ» ላይ ዲ ሆኖ ይታያል፣ በኪል -9ም አይሞትም፤ ከርነሉም አብዛኛውን ጊዜ ከ120 ሰከንድ በኋላ «ሀንግ ታስክ» ብሎ ይጮሃል።

የተጠቃሚውን ፖይንተር በቀጥታ አትንኩት፤ በሜምሲፒዋይም ቢሆን። አንዳንዴ የሚሠራ ይመስላል። ነገር ግን አድራሻው በተጠቃሚው የተመረጠ ስለሆነ የከርነሉን ሜሞሪ ሊያሳይ ይችላል፣ ገጹም ራም ውስጥ ላይኖር ይችላል። አዳዲስ ፕሮሰሰሮች ላይ ስማፕ የሚባለው መከላከያ ወዲያው ያስቆመዋል።

ራይት በኮፒ_ፍሮም_ዩዘር ይሠራል፣ አካሄዱ ያው ነው። ቦታው 4096 ላይ ከደረሰ ኢኖስፒሲ (28) በነጌቲቭ መልሱ። 0 አትመልሱ፤ ኤኮ ምንም እንዳልተጻፈ ቆጥሮ ደግሞ ደጋግሞ ይሞክራልና ተርሚናሉ ይሰቀላል። ከጻፋችሁ በኋላ የዳታውን ርዝመት ከአዲሱ ቦታ ጋር እኩል አድርጉት። «ከቀድሞው የሚበልጠውን» ካላችሁት ረጅም ቃል ጽፋችሁ አጭር ስታስከትሉ የረጅሙ ጭራ ይቀራል። ተርሚናሉ ላይ የምትጠቀሙበት «>» ምልክት ተራ ፋይልን ባዶ ያደርጋል፣ የእናንተን በፈር ግን አያጸዳም።

ሙከራው፦ ኤኮ ጽፉበት፣ በካት አንብቡ፣ ከዚያ በዲዲ መጠኑን 1 ባይት አድርጋችሁ አንብቡ። በካት ደህና ሆኖ በዲዲ የሚበላሽ ድራይቨር የቦታ አያያዙ የተሳሳተ ነው። ፈቃድ ያላገኛችሁ እንደሆነ «ሱዶ ኤኮ» ብላችሁ በ«>» መላክ አይረዳም፤ ፋይሉን የሚከፍተው ያለ ሱዶ ያለው የእናንተ ሼል ነው። ኤኮውን በፓይፕ ለ«ሱዶ ቲ» (የቲ ትእዛዙ ሦስት ፊደል ነው) ስጡት።

ደረጃ 4፦ መውረጃው

ኢኒት ውስጥ ሚስክ_ሬጅስተር የመጨረሻው ጥሪ ይሁን። እሱ እንደተመለሰ፣ እንዲያውም ሳይመለስ፣ ሌላ ፕሮግራም መሣሪያውን ሊከፍት ይችላል፤ በዚያ ሰዓት በፈሩ ካልተያዘ ወይም ሚዩቴክሱ ካልተዘጋጀ ኑል ፖይንተር ላይ ትወድቃላችሁ። ኤግዚት ውስጥ ደግሞ ሚስክ_ዲሬጅስተር የመጀመሪያው ጥሪ ነው፤ በሩን ሳይዘጉ ዕቃውን አያወጡም።

ኢኒት መሃል ላይ ሲሰናከል የያዘውን ሁሉ ለቅቆ መውጣት ያለበት ራሱ ነው። ኢኒት ስህተት ከመለሰ ኤግዚት አይጠራም። የከርነል ሰዎች ይህን የሚጽፉት በጎቱ ነው፤ ትምህርት ቤት ጎቱ ነውር ነው ተብላችሁ ከሆነ እዚህ እርሱት። ከፈንክሽኑ ግርጌ ሌብሎችን በተገላቢጦሽ ደርድሩ፦ መጨረሻ የተያዘው በመጀመሪያ ይለቀቃል። ሦስተኛው እርምጃ ሲሰናከል ሁለተኛውን ወደሚለቅቀው ሌብል ይዘላል፣ ከዚያ ወደ ታች ይወርዳል። የሌብሉን ስም በሚሠራው ሥራ ሰይሙት፤ «ስህተት1፣ ስህተት2» ብለው የሰየሙ ሰዎች መሃል ላይ አንድ እርምጃ ሲጨምሩ ሁሉም ይዛነፍባቸዋል። ጽፋችሁ ስትጨርሱ እያንዳንዱን እርምጃ ሆን ብላችሁ አሰናክሉ፤ ከጥሪው በኋላ መልሱን ኢኖሜም (12) በነጌቲቭ አድርጋችሁ ጫኑት፣ መልሳችሁም ጫኑት። ሁለተኛው ጭነት «አስቀድሞ አለ» ወይም «ተይዟል» ካለ ያልለቀቃችሁት ነገር አለ።

ደረጃ 5፦ ኢዲዩ ካርድ

በኤልኤስፒሲአይ «-ኤንኤን» ስትሉ የአምራች ቁጥሩ 1234፣ የመሣሪያ ቁጥሩ 11ኢ8 የሆነ ካርድ ታያላችሁ። ከዚህ በታች ያሉት የሬጅስተር ቁጥሮች ሁሉ ሄክስ ናቸው። ካርዱ 1 ሜጋባይት የሬጅስተር መስኮት በባር 0 (የካርዱ የመጀመሪያ የአድራሻ ክልል) ላይ ያሳያል። ለመጀመሪያው ሥራ የሚያስፈልጉን እነዚህ ናቸው፦

00 መለያ፣ ሲነበብ 010000ኢዲ ይላል።
04 የጻፋችሁትን ቢቶቹን ገልብጦ ይመልሳል።
08 ቁጥር ሲጻፍበት ፋክቶሪያሉን ያሰላል።
20 ሁኔታ፦ ቢት 01 በስሌት ላይ መሆኑን ያሳያል፤ 80 ሲጻፍበት ስሌቱ ሲያልቅ ኢንተራፕት ይልካል።
24 የኢንተራፕት ምክንያት።
64 እዚህ ላይ ያንኑ ምክንያት መልሶ መጻፍ ኢንተራፕቱን ያጸዳል።

ከ80 በታች ያሉትን ሬጅስተሮች በ4 ባይት ብቻ አንብቡ።

የፒሲአይ ድራይቨር ኢኒት ውስጥ ካርድ አይፈልግም። የሚቀበላቸውን ቁጥሮች በሠንጠረዥ ያስመዘግባል፣ ከርነሉ የሚገጥም ካርድ ሲያገኝ ፕሮብ የተባለውን ፈንክሽን ይጠራል፤ ካርዱ ሲነሣ ወይም ሞጁሉ ሲወርድ ሪሙቭን። የፕሮብ ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ የካርዱን ሁኔታ የምትይዙበትን ስትራክት በኬዚአሎክ ያዙ፤ ፒሲአይ_ኢኔብል_ዲቫይስ፤ ፒሲአይ_ሪክዌስት_ሪጅንስ፤ ፒሲአይ_አዮማፕ በባር 0 ላይ፤ መለያውን አንብቡና አረጋግጡ፤ ፒሲአይ_ሴት_ማስተር፤ ፒሲአይ_አሎክ_አይአርኪው_ቬክተርስ ለ1 ኢንተራፕት፤ ሪክዌስት_አይአርኪው፤ በመጨረሻ ሚስክ_ሬጅስተር። ሚስክዲቫይሱን እዚያው ስትራክት ውስጥ ካስቀመጣችሁት፣ ሪድ ውስጥ ከፋይሉ ፕራይቬት_ዳታ ተነሥታችሁ በኮንቴነር_ኦፍ ወደ ሙሉው ስትራክት ትደርሳላችሁ፤ ግሎባል ተለዋዋጭ አያስፈልግም፣ ሁለት ካርድ ቢሰካም ይሠራል።

ፒሲአይ_ሴት_ማስተር የሚያስፈልገው ለዲኤምኤ (ካርዱ ራሱ ራምን ለሚያነብበትና ለሚጽፍበት መንገድ) ብቻ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ኤምኤስአይ የሚባለው ኢንተራፕት ግን ካርዱ ሜሞሪ ላይ በመጻፍ የሚልከው ስለሆነ ያለ እሱ አይደርስም፤ ሁሉ ነገር ትክክል መስሎ ኢንተራፕቱ የማይመጣ ከሆነ መጀመሪያ ይህን እዩ።

የሬጅስተሩን አድራሻ እንደ ተራ ፖይንተር አትጠቀሙበት። በአዮሪድ32 አንብቡ፣ በአዮራይት32 ጻፉ። ኮምፓይለሩ ተራ ንባብን ሊያስቀር ወይም ቅደም ተከተሉን ሊለውጥ ይችላል፤ እነዚህ ይከላከላሉ። መጀመሪያ 04 ላይ አንድ ቁጥር ጽፋችሁ ተገልብጦ መመለሱን አረጋግጡ። ከዚያ 08 ላይ 5 ጻፉ፣ 20 ላይ ቢት 01 እስኪጠፋ ጠብቁ፣ 08ን ስታነቡ 120 ይመጣል። የ12 ፋክቶሪያል 479001600 ነው፤ የ13ቱ 32 ቢት ውስጥ ስለማይገባ 1932053504 ይመጣል። ድራይቨሩ ውስጥ ስህተት አትፈልጉለት። በስሌት ላይ እያለ 08 ላይ የተጻፈ አዲስ ቁጥር ያለ ምንም ድምፅ ይጣላል፤ ስለዚህ ከመጻፍ እስከ ማንበብ ያለው ሁሉ በአንድ ሚዩቴክስ ሥር ይሁን።

ቀጥሎ መጠበቁን በኢንተራፕት ተኩት። ስትራክቱ ውስጥ ኮምፕሊሽን (ሥራው ማለቁን ለሚጠብቀው የሚያሳውቅ ምልክት) ጨምሩ፣ 20 ላይ 80 ጻፉ። የኢንተራፕት ፈንክሽኑ አጭር ነው፦ 24ን ያነባል፤ ዜሮ ከሆነ አይአርኪው_ነን ይመልሳል፤ ካልሆነ ያንኑ ቁጥር 64 ላይ ይጽፋል፣ ኮምፕሊት ይጠራል፣ አይአርኪው_ሀንድልድ ይመልሳል። በተራ የኢንተራፕት መስመር ላይ 64 ላይ መጻፍ ከተረሳ ኢንተራፕቱ ሳያባራ ይመጣል፣ ያ ፕሮሰሰር ሌላ ሥራ አይሠራም። «ነቦዲ ኬርድ» የሚል መስመር ካያችሁ ደግሞ ከመጨረሻዎቹ 100,000 ኢንተራፕቶች ከ99,900 በላይ የሚሆኑትን ማንም የእኔ ነው አላለም፣ ከርነሉም መስመሩን ዘግቶታል።

ኢንተራፕት ፈንክሽን ውስጥ መተኛት ክልክል ነው፦ ሚዩቴክስ የለም፣ ኮፒ_ቱ_ዩዘር የለም፣ ሜሞሪ ከተፈለገም በጂኤፍፒ_አቶሚክ ነው። ከሪድ ጋር የሚጋሩት ዳታ ካለ ስፒንሎክ (ሳይተኛ የሚጠብቅ መቆለፊያ) ተጠቀሙ፤ ሪድ በኩል ስፒን_ሎክ_አይአርኪውሴቭ መሆን አለበት። ተራው ስፒን_ሎክ ከሆነ ሎኩን እንደያዘ በዚያው ፕሮሰሰር ላይ ኢንተራፕት ሲመጣ ራሱን ይጠብቃል፣ ያም ፕሮሰሰር እስከ ሪስታርት አይመለስም።

አንድ ቅደም ተከተል በጣም ይረሳል። ሪኢኒት_ኮምፕሊሽን የሚጠራው 08 ላይ ከመጻፉ በፊት ነው። ከጻፋችሁ በኋላ ከጠራችሁት ካርዱ ቀድሞ ጨርሶ ያሳወቀውን ራሳችሁ ታጠፉታላችሁ፤ ትንሽ ቁጥር ስትሰጡት አልፎ አልፎ የሚሰቀል ድራይቨር ምክንያቱ ይኸው ነው። ሲጠብቁም ዌይት_ፎር_ኮምፕሊሽን_ታይምአውት በ1 ሰከንድ፤ ካርድ ዝም ሊል እንደሚችል አስባችሁ ጻፉ።

ሪሙቭ የፕሮብ ተገላቢጦሽ ነው፦ ሚስክ_ዲሬጅስተር፣ 20 ላይ 0 ጽፎ ካርዱን ዝም ማሰኘት፣ ፍሪ_አይአርኪው፣ ቬክተሮቹን መልቀቅ፣ አዮአንማፕ፣ ሪጅንሱን መልቀቅ፣ ዲሴብል፣ ኬፍሪ። አዮአንማፕ ከፍሪ_አይአርኪው ከቀደመ በመሃል የመጣ ኢንተራፕት የሌለ አድራሻ ያነባል። በዴቭኤም_ የሚጀምሩት ፈንክሽኖች ይህን መልቀቅ በራሳቸው ይሠራሉ፤ አደጋቸው ሲቀላቀሉ ነው። በዴቭኤም_ የተያዘ ኢንተራፕት የሚለቀቀው ሪሙቭ ካለቀ በኋላ ስለሆነ፣ ሪሙቭ ውስጥ በእጃችሁ አዮአንማፕ ካደረጋችሁ ያንኑ ስህተት በሌላ በር አስገባችሁት። ወይ ሁሉንም በዴቭኤም፣ ወይ ሁሉንም በእጅ።

ኡፕስ ሲመጣ

ኑል ፖይንተር ሲነካ ከርነሉ «ኡፕስ» የሚባል ረጅም ዘገባ ያወጣል። ሦስት ቦታ ብቻ እዩ። የመጀመሪያው መስመር ላይ ያለው አድራሻ እንደ 8 ወይም 18 ያለ ትንሽ ሄክስ ከሆነ፣ ኑል በሆነ ስትራክት ፖይንተር ውስጥ በዚያ ርቀት ያለ ሜምበር ተነክቷል። «አርአይፒ» የሚለው መስመር ፈንክሽኑን ይነግራችኋል፤ «+24/90» ካለ ከ90 ባይቱ 24ኛው ላይ ነው፣ ሁለቱም በሄክስ። ሜክፋይሉ ላይ በ«ሲሲፍላግስ-ዋይ» «-ጂ» ጨምራችሁ ከገነባችሁ፣ ከከርነሉ ስክሪፕቶች ፎልደር ያለው ፋድር2ላይን ይህን ወደ ሶርስ መስመር ይቀይርላችኋል። ሦስተኛው «ኮል ትሬስ» ነው፤ ከታች ወደ ላይ ማን ማንን እንደጠራ ያሳያል፣ የጥያቄ ምልክት ያለባቸውን መስመሮች ዝለሏቸው።

ከኡፕስ በኋላ ማሽኑ የሚሠራ ቢመስልም አትመኑት። የሞተው ፕሮግራም የያዘው ሎክ አልተለቀቀም፣ ሞጁሉም እንደተከፈተ ስለሚቆጠር አርኤምሞድ እምቢ ይላል። ሪስታርት።

ድራይቨሩ ከሠራ በኋላ አንድ ጊዜ የማረሚያ ከርነል ላይ ሞክሩት። ሶርሱን ከነታሪኩ በጊት ማውረድ በርካታ ጊጋባይት ነው፤ ኢንተርኔት በፓኬጅ የሚገዛ ሰው «--ዴፕዝ 1» ይጠቀም ወይም የተጨመቀውን አንድ ፋይል ያውርድ። ፍሌክስ፣ ባይሰን፣ ቢሲ፣ እንዲሁም የኤስኤስኤልና የኢኤልኤፍ የዴቭ ላይብረሪዎችን ጫኑ። «ሜክ ሎካልሞድኮንፊግ» አሁን የተጫኑትን ሞጁሎች ብቻ ስለሚያስቀር ግንባታውን በጣም ያሳጥረዋል። ከዚያ በሜኑኮንፊግ ካሳንን፣ ፕሩቭ_ሎኪንግን፣ ዲበግ_አቶሚክ_ስሊፕንና ዲበግ_ሽርክን አብሩ። ካሳን ከተለቀቀ በኋላ የተነካ ሜሞሪን ይይዛል፤ ከአድራሻው 8 እጅ አንዱን ለራሱ መዝገብ ይወስዳል፣ ፍጥነትም ይቀንሳል። ዲበግ_ሽርክ በጋራ ለሚያዝ መስመር ፍሪ_አይአርኪው ሲጠራ የውሸት ኢንተራፕት ይልካል፤ ከላይ ያልነው የቅደም ተከተል ስህተት ወዲያው ይጋለጣል። በኡቡንቱ ኮንፊግ ስትገነቡ «ካኖኒካል-ሰርትስ» የሚባል ፋይል የለም ብሎ ከቆመ ሲስተም_ትረስትድ_ኪይስና ሲስተም_ሪቮኬሽን_ኪይስ የሚሉትን ባዶ አድርጉ። ዲስኩ ላይ 25 ጊጋባይት ለዚህ ይጠብባል፤ ከዲበግ መረጃ ጋር ለመገንባት ዋናው ማሽን ላይ ሥሩት።

ከዚህ የሚቀጥለው ዲኤምኤ ነው፣ እሱም በዚሁ ካርድ ይሠራል፦ ምንጭ 80፣ መድረሻ 88፣ መጠን 90፣ ትእዛዝ 98 ላይ፤ የካርዱ 4096 ባይት በፈር 40000 ላይ ይጀምራል። ትእዛዙ ላይ 01 ማስጀመሪያ ነው፣ 02 አቅጣጫውን ከካርድ ወደ ራም ያደርገዋል፣ 04 ሲያልቅ ኢንተራፕት ያስልካል፤ ያኔ 24 ላይ 100 ይነበባል። በፈሩን በዲኤምኤ_አሎክ_ኮሂረንት ያዙ። ከዚያ በፊት ግን ዲኤምኤ_ሴት_ማስክ_ኤንድ_ኮሂረንትን በ28 ቢት ጥሩ፤ ካርዱ የሚደርሰው እስከ 256 ሜጋባይት ብቻ ነው። ይህ ከተረሳ ከርነሉ ከፍ ያለ አድራሻ ይሰጣችኋል፣ ካርዱም የላይኛዎቹን ቢቶች ቆርጦ ጥሎ ዳታውን ሌላ ቦታ ይጽፈዋል፤ በማሽኑ ሎግ ላይ ምንም ስህተት አይታተምም፣ ማሽኑ ግን ከደቂቃ በኋላ በማያገናኘው ቦታ ይወድቃል።